ከቦታቸው የወጡ ጠባቂዎች

የወንድሜን መታመም የነገረኝ ሰው የለም። ያወቅሁት ከብልቃጥ ነው።

የምሠራው በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ናሙና በሚዘጋጅበት ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪሞች ከሰው አካል ቆንጥረው የሚያወጧት ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ተነክራ ወደ እኛ ትወርዳለች። እኛ ውኃዋን አስወጥተን በሰም እንሞላታለን፤ ሰሙን ከፀጉር በቀጠነ ልጥ እንቆርጠዋለን፤ ልጡን ለብ ባለ ውኃ ላይ አንሳፍፈን ስላይድ በምንለው ስስ መስታወት እንቀልበዋለን፤ ከዚያ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም አጠጥተን ማጉያው ላይ ለሚያነቡት ሐኪሞች እናስረክባለን። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ የክፍሉ ሰዎች «ምላጭ» ይሉኛል።

ስም አናነብም፤ የእኛ ነገር ከቁጥር ጋር ነው። ያን ዓርብ ግን መዝጋቢዋ ልጇ ታሞባት ስለቀረች ቅጾቹን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። አንዱ ቅጽ ላይ የወንድሜ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም ተከታትሎ ተጽፏል። ዕድሜው ልክ ነው። ሥራ፦ የአውቶቡስ ሾፌር። ከሥሩ ደግሞ በሐኪም ጽሑፍ፦ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ ካንሰር? የጥያቄ ምልክቷ ከቃሉ ገዝፋ ታየችኝ። ከቅጹ ጋር ስድስት ትናንሽ ብልቃጦች ነበሩ፤ በየብልቃጡ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ አንዳንድ ቁራጭ፣ ከየትኛው የትልቁ አንጀት ክፍል እንደተወሰደች ተጽፎባት።

ደንቡ ግልጽ ነው። የዘመዱ ናሙና የመጣበት ሰው ለሌላ ያስረክባል። ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር፤ «እንካ፣ ይሄ የወንድሜ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ወንድሜ ከእናቱና ከሚስቱ የደበቀውን ነገር እኔ በሥራ ቤት ላወራው ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ። ይህን እያሰብኩ እጄ ብልቃጡን ከፍቶ ሥራውን ጀምሮት ነበር።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ገባ፤ እኔ ግን እንዳላቋርጥ አደረገ። እስከ ዛሬ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ተጫዋች ነው። ፌርማታ ሲደርስ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ አውጥቶ እየተናገረ ተሳፋሪውን ያስቃል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል።

እሑድ እማዬ ቤት ምሳ ተሰበሰብን፤ እማዬ፣ እሱ፣ ሚስቱና እኔ። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠ። ሩዙን በሹካው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲገፋ ይቆይና ድንገት ይነሣል፤ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር እንደቆመ ናፍጣ መኪና ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ወጥቶ ገባ። እማዬ ወንበሬ እሾህ አበቀለ እንዴ ብላ ጠየቀችው። እሱም ለመቀመጥ የሚከፈለኝ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፣ እሑድ በነጻ አልቀመጥም ብሎ አሳቃት። እኔ አልሳቅሁም። ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳትን አዲስ ቀዳዳ እያየሁ ነበር።

ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከተጋቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዕቃ ስናጥብ የውኃውን ድምፅ ጨምራ ከፈተችና ጆሮዬ ሥር መጣች።

«ሌላ ሴት አለችው» አለችኝ።

ማስረጃዋን እንደ ተማሪ ውጤት ዘረዘረችልኝ። አውቶቡሱን በየቀኑ መንገድ መሐል አቁሞ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ይገባል፤ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ይቆያል። ይህን የነገረቻት ተሳፋሪ የነበረች የተማሪ ወላጅ ናት። ቦርሳው ውስጥ ሳሙናና ትርፍ ሱሪ ይይዛል። በጠዋቱ ሱሪ ያልተመለሰባቸው ቀኖች አሉ። የሠራችለትን አይበላም። ከስቷል፤ ፍቅር ደግሞ ያከሳል። ይባስ ብሎ እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ካገባ ወዲህ መነመነ» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች።

የቆጠረችው ሁሉ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ፍቺው ብቻ ነው። ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብነግራት ከሆስፒታል ምሥጢር ማውጣቴ ነው፤ ያውም ምን እንደሆነ በቅጡ ያላወቅሁትን። ረቡዕ ከሰዓት ክፍል ስለሌላት አብረን ሄደን እንድንይዘው ለመነችኝ። እምቢ ብላት ብቻዋን ትሄዳለች። እሺ አልኳት፤ ሳህኑን ግን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ሰኞ ጠዋት ሰሙን ስቆርጥ ልጡ ተቀደደብኝ። እንደገና ብሞክር ተጨማደደ። ባልደረባዬ ቢላው ደንዟል መሰለኝ ብሎ ሊቀይርልኝ ተነሣ፤ የደነዘዘው ግን ቢላው አልነበረም። የአንባቢዎቹ አለቃ የሆኑት ትልቋ ሐኪም እስከ ማክሰኞ እረፍት ላይ ስለነበሩ ስላይዱን ያነበበው ተረኛው ወጣት ሐኪም ነው። እንዲህ ሲል ጻፈ፦ ካንሰር የለም፤ አጣዳፊ ብግነት፣ ምናልባት ከተህዋስ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ካንሰር የለም። ነገሩን እዚያው መተው ነበረብኝ፤ ግን ሰው ወንድሙን አይቶ አይጠግብም መሰለኝ፣ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ስላይዱን ማጉያው ሥር አስገባሁት።

ጤነኛ ትልቅ አንጀት በማጉያ ሲታይ ጎን ለጎን እንደቆሙ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። በየቱቦው ግድግዳ ላይ ዋንጫ የሚመስሉ፣ ሆዳቸው የተነፋ ህዋሳት ይሰለፋሉ። ሥራቸው ዝልግልግ ፈሳሽ እያመነጩ ግድግዳውን መቀባት ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ግድግዳውን ሳይነኩ በጉርብትና የሚኖሩት በዚያ ልባስ ምክንያት ነው። የወንድሜ ስላይድ ላይ ዋንጫዎቹ የሉም ማለት ይቻላል። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ እሷም የተሟጠጠች። ልባስ ያጣው ግድግዳ ቆስሎ፣ ለጦር የተጠሩ ነጭ የደም ህዋሳት ቱቦዎቹን አጣብበዋቸዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ተረኛው ሐኪም እውነት አለው፤ ኃይለኛ ተህዋስም ዋንጫዎቹን ያራቁታል። እኔን ዕረፍት የነሣኝ ሌላ ነው። ከታችኛው ግራ ክፍል በተወሰደችው ቁራጭ፣ ከቱቦዎቹ ወለል ላይ፣ ደማቅ ቀይ ፍሬዎች የታቀፉ ህዋሳት ተቀምጠዋል። እነሱ የትንሹ አንጀት ጠባቂዎች ናቸው፤ ቀዩ ፍሬ ባክቴሪያ መግደያቸው ነው። በትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ጥቂቶች ይገኛሉ እንጂ እዚያ ታች ድረስ አይወርዱም። ትልቋ ሐኪም ተማሪ ሲያስተምሩ «እነዚህን በግራ በኩል ካያችሁ ነገሩ የሰነበተ ነው» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሳምንት ያልሞላው ተህዋስ ጠባቂ ከቦታው አያስነሣም።

እኔ ግን ቆራጭ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም። ከተናገርኩ ለምን አየሽው እባላለሁ። ካልተናገርኩ ወንድሜ የተህዋስ ክኒን ይዞ ይሄዳል። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብድግ ስል አመሸሁ፤ ያልቆሸሸ ምድጃ ፈተግሁ፤ የታጠፈ ልብስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ።

ማክሰኞ ትልቋ ሐኪም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቢሯቸው ገባሁ። ስላይዱን አስቀመጥኩና ከግራ በኩል ያለችውን ቁራጭ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ዓይናቸውን ከማጉያው ሳያነሡ ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረጉ።

«ይህን ለምን አየሽው?» አሉኝ።

«የወንድሜ ነው፣ ዶክተር።»

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዓርብ ነግረሽን ቢሆን ዛሬ አመሰግንሽ ነበር» አሉ። «አሁን ማመስገንም መቅጣትም ሊኖርብኝ ነው።»

ድምፃቸውን አልጨመሩም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያን ቁጥር እንዳልነካ አዘዙኝ። ባልደረባዬ ከሰሙ አዲስ ልጥ እንዲቆርጥ፣ እሳቸው ከመጀመሪያ እንዲያነቡት፣ የሆድ ሐኪሙም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት እንዲጠብቅ ስልክ ደወሉ። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። የእኔ ጉዳይ ደግሞ በደብዳቤ ይመጣል። እሺ ብዬ ወጣሁ። ቅጣቱ አላስጨነቀኝም፤ ያስጨነቀኝ «ከመጀመሪያ» የሚለው ቃል ነበር፤ «ካንሰር የለም» የተባለውም እንደገና ሊታይ ነው።

ረቡዕ የወንድሜ ሚስት ከሆስፒታሉ በር ወሰደችኝ። አዲስ ጫማ ተጫምታለች፤ ለጠብ የተለበሰ ጫማ ያስታውቃል። ከልብስ ሰፊዋ ቤት ማዶ የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ጥላ ሥር ቆምን። መንገድ ላይ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ አትቸኩዪ እያልኩ ብጎተጉታትም ወንድምሽ ስለሆነ ነው ብላ ዘጋችኝ።

አውቶቡሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጣ። ገና በቅጡ ሳይቆም ወንድሜ ዘሎ ወረደ። አልሮጠም፤ መሮጥ የፈለገ ሰው እንዳይታወቅበት በሚረማመደው ዓይነት ጠንካራ እርምጃ ገባ። ሚስቱ መንገዱን ስትሻገር ግራ ቀኝ እንኳ አላየችም። ተከተልኳት።

ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። እናታችን የምትሆን ሴት ናት። ከጀርባዋ ባሏ ኮት ይተኩሳል። የወንድሜ ሚስት የያዘችው ንግግር ጠፍቷት ባሌ የት አለ ብቻ አለች። ሴትዮዋ በመቀሷ የጓሮውን በር አመለከተቻት።

«እዚያ ነው። አታንኳኪበት የኔ ልጅ፣ ሲንኳኳበት ይብስበታል።»

ካውያው ብቻ እየተንሿሿ ነበር። ከዚያ ውኃ ሲፈስ ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላቡ አንገቱ ላይ ወርዶ፣ ቀበቶውን እየቆለፈ ወጣ። መጀመሪያ ሚስቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለና በመካከላችን አልፎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ለሚስቱ ወንበር አቀረበችላት። ነገሩን የሰማነው ከእሷ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሲገባ የክር ዓይነት ጠይቆ፣ መልሱን ሳይሰማ ላቡ ጠብ ሲል አይታ በሩን አሳይታዋለች። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። አንድ እሑድ መጥቶ የተሰበረውን የጓሮ ቧንቧ ጠግኖላቸዋል። ሐኪም ዘንድ ሂድ ብላ የጨቀጨቀችው እሷ ናት፤ ዕሺ ያለው ገና ባለፈው ወር ነው። ደም እንዳለው የነገራትም ያኔ ነው።

ሚስቱ ጎንበስ ብላ ከአዲሱ ጫማዋ ላይ አቧራ ጠረገች። «ምነው ሌላ ሴት በሆነች» አለች።

ስንወጣ ዞራ አየችኝ። «አንቺ አውቀሽ ነበር?»

«ከዓርብ ጀምሮ» አልኳት። «መናገር አይፈቀድልኝም ነበር።»

እስከ ፌርማታው ድረስ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ስንለያይ ግን ክንዴን ለአፍታ ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ባልና ሚስት መጡ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተው ተቀምጠዋል፤ እሱ ግን የተቀመጠው ለስሙ ነው፣ ሲነሣ ሲቀመጥ ነበር። ገና ሲያየኝ ተቆጣ።

«ሚስቴ ከልብስ ሰፊ ሰማች፣ እህቴ ከብልቃጥ ሰማች» አለ።

«ከአንተ እንዳንሰማ ማን ከለከለን?» አለች ሚስቱ።

ቦርሳውን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠና ቀስ እያለ አወራ። በመጀመሪያ የምግብ መመረዝ መስሎት ነበር። ከዚያ ከፋርማሲ እየገዛ አራት ጊዜ ክኒን ዋጠ፤ ይተወውና ይመለስበታል። መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ መንዳት ይከለክለኛል ብሎ ፈራ። አንድ ጊዜ መሪው ላይ እንዳለ አመለጠው፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪወርድ ድረስ ከወንበሩ ሳይነሣ ቆየ። «ታዲያ ምን ልበል?» አለን። «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ሾፌራችሁ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል ልበል?» በሬዲዮ ድምፁ ነው ያለው፤ ግን ማናችንም አልሳቅንም፤ እሱም።

ትልቋ ሐኪም ከሆድ ሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ነበርና ራሳቸው ወጥተው ወደ ክፍላቸው ጠሩት። እህትህ ትግባ ወይስ ትቅር ብለው ጠየቁት። አየኝና ትግባ አለ። ከዚያ ከሁሉ በፊት «ሽንት ቤቱ በግራ ሁለተኛው በር ነው፤ ሳታስፈቅደኝ መሄድ ትችላለህ» አሉት። ትከሻው በዚያች ቅጽበት ሲወርድ አየሁ። ብዙ ጊዜ ያልሰማው ቃል ነበር።

ሁለት ሰው አብሮ በሚያይበት ማጉያ ላይ ቆመው አሳዩት። ቀድመው የሌላ ሰው ጤነኛ አንጀት፣ ቀጥሎ የእሱን። ዋንጫዎቹን፣ የጠፋውን ልባስ፣ ያበጠውን ግድግዳ አስረዱት። ካንሰርም ተህዋስም አይደለም አሉት፤ የራሱ አካል መከላከያ ከሚገባው በላይ ተቆጥቶ የራሱን ቤት እየወጋ ነው። ለምን እንደሚጀምር ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ የለም። ጨርሶ አይጠፋም፤ በመድኃኒት ግን ይተኛል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ለዓመታት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልከው?» ብለው ጠየቁት።

«ዓመት ከመንፈቅ።»

የስላይዱን ቦታ ቀየሩና ቀያዮቹን ፍሬዎች አሳዩት። «እነዚህ ጠባቂዎች ናቸው። እዚህ መኖር አልነበረባቸውም። እዚህ ቦታ የሚወጡት ጉዳቱ ደጋግሞ ሲመላለስ ነው። እርግጡን ቀን አልነግርህም፤ ግን ልብህን ጠይቀው።»

ወንድሜ ዓይኑን ከማጉያው አላነሣም። ጉልበቱ መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር።

«ሦስት ዓመት» አለ። «ከዚያም ሳይበልጥ አይቀርም።»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር፤ ሚስቱ ደፉ ላይ ቆማ ሰምታለች። ተጋብተው ሁለት ዓመታቸው ነው። ደበቅኸኝ፣ አታለልከኝ ትለዋለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ሌላ ሒሳብ ላይ ነበረች።

«እንግዲያው ከእኔ በፊት ነው» አለች። «ምግቤ አይደለም።»

ወንድሜ ዞሮ አያት። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን እያሰበች ወጥ ቤት እንደቆመች የገባው ያኔ ይመስለኛል። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብሎ ያዘላት፤ ያ ነበር ይቅርታው። የደበቃትን ነገር ግን እንዲሁ አላለፈችለትም። ወር ያህል ሳህኑን አቅርባለት ዝም ብላ ትቀመጥ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ለእማዬ የነገርናት በዚያው ሳምንት ነው። አዳመጠች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ከዚያ «ሆድ ይፍጀው እያልክ ሆድህን አስፈጀኸው» አለችው። ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳም ስለ ምራቷ ያለችውን ቃል መለሰች፤ እማዬ ያለችውን ስትመልስ አይቼ አላውቅም ነበር።

መድኃኒቱ በአንድ ጀምበር አልሠራም። የመጀመሪያው ፊቱን አሳበጠው፣ እንቅልፍ ነሣው፣ ግድግዳ እንኳ ሊያስበላው እስኪደርስ አስራበው። ሁለተኛው ተጨመረ። በሦስተኛው ወር ደሙ ተመለሰና ሁላችንም ደነገጥን፤ መጠኑ ተስተካክሎለት ቆመ። ለስምሪት ኃላፊው እንዲናገር ያስገደደችው ሚስቱ ናት። ኃላፊው ሰምቶ ሲያበቃ እሱም የኩላሊት ሕመም እንዳለበትና ለማንም እንዳልነገረ አጫወተው። ሁለቱም ጫፍ ላይ መጸዳጃ ወዳለው አጭር መስመር አዛወረው። የእኔም ደብዳቤ መጣ፤ ማስጠንቀቂያና ለሦስት ወር ከመቁረጫው ተነሥቼ የድሮ ስላይድ መደርደር። «ምላጭ ሰገባዋ ገባች» ብለው ሳቁብኝ። ተገቢ ነበር። እንደገና ቢመጣብኝ ብልቃጡን አልከፍተውም ነበር፤ ስላይዱን ግን አላየውም ነበር ብዬ አልምልም።

በስምንተኛው ወር አንጀቱ እንደገና በካሜራ ታየ። ብልቃጦቹ ሲወርዱ ባልደረባዬ ተቀበላቸው፤ እኔ ግቢውን ስዞር ዋልኩ፤ ሁለት ቀን። ከዚያ ትልቋ ሐኪም ኮሪደር ላይ አገኙኝና ለወንድሜ ነግረውታል፣ ከእሱ ስሚ ብለው አለፉ። ሦስት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ግን ፈገግ ሲሉ የፊታቸውን ጎን አየሁት። ወንድሜ እንደነገረኝ ዋንጫዎቹ መመለስ ጀምረው ነበር። ሁሉም አይደሉም። ቀያዮቹ ጠባቂዎች እንዳሉ ናቸው፤ እነሱ አንዴ ከሰፈሩ በቀላሉ አይነሡም አሉት።

ክረምት ላይ አንድ ከሰዓት ደወለልኝ። ዝናቡ ትልቅ ዛፍ ጥሎ መንገዱን ዘግቶት ኖሯል። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፤ አውቶቡሱ ውስጥ አርባ ምናምን ሰው፤ ተሳፋሪው ይጮኻል፣ ያማርራል፣ መስኮት ይደበድባል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

«ምን አደረግህ ታዲያ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ምንም» አለ። «ተቀመጥኩ።»

ከዚያ ሚስቱ ስልኩን ተቀበለችና ከገባ ጀምሮ ይህንኑ ለአምስተኛ ጊዜ ማውራቱ እንደሆነ ነገረችኝ፤ የቤቱም ጣሪያ ማንጠባጠብ ስለጀመረ እንዲጠግነው ይዤው ልውጣ ብላ ስልኩን ዘጋችው።